ጥቆማ፦ ለፓስታና ለኢንዶሚ የሚሆን የለውዝ ሶስ፣ የትኛውን ለውዝ ብገዛ ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጾም ደወለችልኝ። አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። «አክስቴ፣ ፓስታ በሱጎ ሰለቸኝ። ቲማቲሙም ተወደደ። ሌላ ምን ላድርግበት?» አለችኝ። የለውዝ ሶስ ነገርኳት። ማታውኑ ደግማ ደወለች። ሱፐርማርኬት ገብታ ከውጭ የመጣውን የለውዝ ቅቤ ዋጋ አይታ ባዶ እጇን ወጥታለች። ይሄን ጥቆማ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላላችሁ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ጥሬ ለውዝ በኪሎ ግዙ፣ ቤት ቁሉት፣ ቤት ፍጩት። ጊዜ ካጠራችሁ እዚሁ አገር ተፈጭቶ የታሸገውን፣ ስኳር ያልገባበትን ውሰዱ። ከውጭ የመጣው ለዚህ ሶስ አያስፈልግም።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። መጠኑን ግን ልንገራችሁና ራሳችሁ አስሉት። ለአንድ ሰሃን የሚበቃው 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ነው። ይህ 30 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሱፐርማርኬት የምታዩት 340 ግራም ጠርሙስ ስለዚህ 11 ሰሃን ይሆናል። 1 ኪሎ ጥሬ ለውዝ ግን ተለቅሞ፣ ተቆልቶና ገለፈቱ ወጥቶ ቢቀንስም 28፣ 30 ሰሃን አያንስም። የሁለቱን ዋጋ በሰሃን አካፍላችሁ ስታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ለውዙ። (ኦቾሎኒ የምትሉም አላችሁ፤ የማወራው ስለ እሱው ነው።) እኔ የምገዛው ከሾላ ገበያ ነው፣ አንዳንዴ ከመርካቶ። ነጋዴው ሁሉ «የባቢሌ ነው» ይላል። ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፣ በለውዟም ስመ ጥር ናት። ጉርሱምና ፈዲስም ያመርታሉ። ግን የአገሩን ስም ሰምታችሁ ብቻ አትግዙ። ፍሬውን እዩት። ከጆንያው ላይ ሳይሆን እጃችሁን ከተት አድርጋችሁ ከሥር አውጡ። ፍሬው የሞላ፣ ደረቅና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው መሆን አለበት። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበት ከበዛ ትታችሁ ሂዱ። አንድ ፍሬ ቅመሱ። ከመረረ አትግዙ።

ይሄን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ለውዝ እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። ለረጅም ጊዜ ከተበላ ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ 2 ኪሎ ገዛሁ። ጆንያው ሲሚንቶው ላይ ነበር የተቀመጠው፣ ልብ አላልኩም። ቤት ገብቼ ሰፌድ ላይ ስደፋው ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። መጀመሪያ «ቢቆላ ይሞታል» ብዬ ነበር። መርዙ ግን አይሞትም። እሳት ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። አንጀቴ እያረረ ጣልኩት። እናንተም ጣሉት። ደህናውንም ቢሆን ሳትለቅሙ አትቁሉ። ለ1 ኪሎ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከመንገድ ቆሎ ሻጮች የተቆላ ለውዝ ስለመግዛት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ለመሞከር ያህል ጥሩ ነው። አንድ ሁለት ሰሃን ይወጣዋል፣ መቁላቱም ይቀርላችኋል። ለወር ቀለብ ከሆነ ግን በኪሎ ሲሰላ ይወደዳል። ጨው ያለበት ከሆነ ሶሱ ውስጥ የሚገባውን ሶያ ሶስ ቀንሱ።

ባልትና ቤት የሚሸጠው የተፈጨ ለውዝ ሁለተኛው ምርጫዬ ነበር። አሁን ትንሽ ቀዝቅዤበታለሁ። ብዙ ሰው ለለውዝ ሻይ ስለሚገዛው አንዳንዱ ስኳር ተቀላቅሎበታል። ደግሞ ለውዝ ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ያረጃል። መቼ እንደተፈጨ ጠይቁ፣ ከፍታችሁ አሽትቱ። የቆየ ዘይት ከሸተተ ይቅርባችሁ። ባለቤቷን የምታውቋትና በየሳምንቱ የምትፈጭ ከሆነች ግን ያለ ስጋት ግዙ።

እዚህ አገር የታሸገውን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ለውዝ ብቻ፣ ግፋ ቢል ጨው የሚል ፈልጉ። ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፎ ካያችሁ አትሽሹ፤ ሌላ ነገር እንዳልተጨመረበት የሚያሳይ ነው፣ አማስሉት። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ስኳርና እንዳይለያይ የሚያደርግ ዘይት ይገባበታል። ለዳቦ ይጣፍጣል። ለፓስታ ግን ጣፋጭነቱ ይረብሻል።

አንድ ነገር አደራ። ከለውዝ የሚሠራው ፕላምፒነት አንዳንድ ሱቅ ሲሸጥ ካያችሁ፣ ርካሽም ቢሆን አትግዙ። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ ሕክምና ነው። እኛ ስንገዛው ከአንድ ልጅ አፍ እየተወሰደ ነው።

ቁሌቱ እንዲህ ነው። በምጣድ ወይም በድስት፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ 12 እስከ 15 ደቂቃ። ወርቃማ ሲሆን አውጡት፤ ካወጣችሁትም በኋላ በራሱ ሙቀት ትንሽ ይበስላል። ሰፌድ ላይ አሽታችሁ ገለፈቱን አንፍሱ። ለብ እንዳለ ፍጩት፣ ዘይቱን ቶሎ ይሰጣል። ብሌንደሩን 20 ሰከንድ አስኬዱ፣ አጥፉ፣ ጠርዙን ጠርጉ፣ ድገሙ። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ቀጥሎ ይጓጉላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ውሃ ይጨምራል። አትጨምሩ፣ ቀጥሉ። ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ ይወጣና ይላላል። ሞተሩ ከጋለ አሳርፉት፤ የኔ አሮጌ ብሌንደር የተቃጠለው በዚህ ነው።

ብሌንደር ለሌላችሁ፦ ሙቀጫ ለሁለት ሰሃን ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ባይደቅም ግድ የለም፣ እንዲያውም ጥርስ ላይ ሲገኝ እወደዋለሁ። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫም ይሠራል፣ ቡና ቡና እንዳይል ግን አስቀድማችሁ በደንብ ጥረጉት።

ሶሱ ራሱ 5 ደቂቃ ነው። ለሁለት ሰው 4 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት። ዝንጅብል ካላችሁ ትንሽ ፋቁበት። ፓስታውን ስታጠሉ አንድ ስኒ ውሃውን አስቀሩ። ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ውሃው የፓስታው ዱቄት ስላለበት ሶሱን ከዘይቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩት። መጀመሪያ ሶሱ ይጠጥራል፣ አትደንግጡ። ሌላ ማንኪያ ስትጨምሩ እንደ እርጎ ይሆናል። እሳት ላይ አታፍሉት፣ ዘይቱ ይለያል። ትኩሱ ፓስታ ያሞቀዋል።

ሶያ ሶስ ከሌለ ጨው ይበቃል። ሎሚው ወይም አቼቶው ግን አይቅር፤ ያለ እሱ ሶሱ ከብዶ አፍ ላይ ይጣበቃል። ለማቃጠያ ሦስቱንም ሞክሬአለሁ። ሚጥሚጣ ኮረሪማ ስላለው ትንሽ ከበዛ የለውዙን ጣዕም ይወስደዋል። አዋዜ ጥሩ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ከሁሉም ግን አረንጓዴ ዳጣ! ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም አስቀድሞ ስላለበት ሥራም ይቀንሳል። ለሁለት ሰው 1 የሻይ ማንኪያ።

በምን ይበላ? ለኪስ የሚስማማው እዚህ አገር የተመረተው ስፓጌቲ ነው፣ ሶሱንም በደንብ ይይዛል። ኢንዶሚ ቶሎ ይደርሳል። መነሻውም ኢንዶኔዥያ ነው፣ እዚያ የለውዝ ሶስ ከአትክልቱም ከሥጋ ጥብሱም አይለይም። ቅመሙን ግን ሙሉውን አትጨምሩ፣ ከሶያ ሶሱ ጋር ጨው ይሆናል። ለጾም ከሆነ የዶሮ ጣዕም የሚለውን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። የሩዝ ኑድል አዲስ አበባ ውስጥ የቻይና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። ስንዴ ለማይስማማችሁ እሱን እመክራለሁ፣ ለሌላው ዋጋው አያዋጣም። በላዩ ጥቅል ጎመንና ካሮት እንደ ክር ከትፋችሁ ጥሬውን ጣሉበት።

ሱዳናዊ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ዳኩዋ ጠይቋቸው። የለውዝ ቅቤን የሚሉት እንደዚያ ነው፣ በሰላጣም ይሠሩበታል። ስለ አፈጫጨቱ ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

እንግዳ ከመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለውዝ የማይስማማው ሰው በጥቂቱም ለአደጋ ይጋለጣል።

የተፈጨውን ክዳኑ በሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ አንድ ወር ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ፍጩ፤ የተቀረው ሳይፈጭ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የእህቴ ልጅ በየ15 ቀኑ ግማሽ ኪሎ ትፈጫለች። ባለፈው ዓርብ በዳጣ ሠርታ ፎቶ ላከችልኝ። ጎመኑን ከእኔ አሳንሳ ነው የከተፈችው።