ጌይ ልዕለ ጀግኖች ለታዳጊ አንባቢ፦ ከየትኛው ኮሚክ ይጀመር?

ቀለም_ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የሱፐርሂሮ ኮሚኮች ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው፤ ጌይ ገጸ ባሕርያት ያሉባቸውም እንዲገቡበት እፈልጋለሁ። በየቦታው የሚዞሩት ዝርዝሮች የልጁንና የአዋቂውን ይደባልቃሉ። በምን ቅደም ተከተል ይነበቡ? የማይሆነውስ የቱ ነው?

ባለ_ጥራዝ፦
ከማርቭል «ያንግ አቬንጀርስ» ጀምር። በፈረንጆቹ 2005 የወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ አለን ሃይንበርግ ጽፎ ጂም ቹንግ የሣለው፣ 12 ዕትም ነው። ቢሊ፣ ማለትም ዊካን፣ አስማተኛ ነው፤ ቴዲ፣ ማለትም ሃልክሊንግ፣ መልኩን ይቀያይራል። ጥንዶች ናቸው፤ የታሪኩ ጣጣ ግን ፍቅራቸው አይደለም። ቴዲ ደመኛ ከሆኑ ሁለት የጠፈር ዘሮች፣ ከክሪና ከስክረል፣ የተወለደ ነው፤ ቢሊ ደግሞ አስማቱ ከእጁ ያመልጠዋል። ልጁ የሚከተለው ይሄንን ነው፤ ፍቅራቸውን እግረ መንገዱን ይለምደዋል።

ከዚያ «ዘ ችልድረንስ ክሩሴድ» 9 ዕትም፣ ቀጥሎ በ2013 የጀመረው የኪረን ጊለንና የጄሚ መኬልቪ 15 ዕትም፣ በመጨረሻ የ2020ው «ኤምፓየር»። ሠርጋቸው እዚያ ነው። ከሠርጉ የጀመረ አንባቢ ቴዲ እንዴት ንጉሠ ነገሥት እንደሆነ ግራ ይገባዋል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ሁለቱ ከንፈር ለከንፈር ሲሳሳሙ መጀመሪያ የታዩት በ«ክሩሴድ» መጨረሻ ዕትም፣ በ2012 ነው። ከተዋወቅናቸው ከ7 ዓመት በኋላ! ለእኔ ይህ ያሳዝናል።

ጽጌ_ፓነል፦
በተባለው እስማማለሁ። ግን የዕድሜ ምልክቱን ተጠንቀቅ። ማርቭል «ቲ ፕላስ» ሲል ከ13 ዓመት በላይ ማለቱ ነው። በተፎካካሪው በዲሲ ዕትሞች ላይ ግን ያው «ቲ ፕላስ» 15 ነበር። ፊደሉን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ይሳሳታል።

ጥንዶቹን ጀግኖች አፖሎና ሚድናይተርን አታስገባ። በየዝርዝሩ አናት ላይ ናቸው፤ ያሉበት ኮሚክ «ዘ ኦቶሪቲ» ግን ለአዋቂ የተጻፈ ነው። ችግሩ ፍቅራቸው ሳይሆን ደሙ ነው።

ለ13 ዓመት ልጅ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል «ዩ ብሮት ሚ ዚ ኦሽን»ን ነው የምመርጠው፤ በ2020 ዲሲ ያሳተመው፣ የአሌክስ ሳንቼዝ ድርሰት፣ የጁል ማሮ ሥዕል። በአንድ ጥራዝ ያልቃል፤ ከሱ በፊት ምንም ማንበብ አያስፈልግም። ጄክ ሃይድ የሚኖረው በኒው ሜክሲኮ በረሃ ነው፤ የልጁ ኃይል ግን ከውኃ ነው። ገላው ላይ ያለው ምልክት ውኃ ሲነካው ያበራል። ገጾቹ አሸዋማ ቡናማ ስለሆኑ ሰማያዊው ብቅ ሲል ዓይን ይይዛል። የውኃ ዋና ቡድኑን አለቃ ኬኒን የሚወድበት ታሪክም ከዚሁ ጋር እየተጠላለፈ ይሄዳል።

ቀዳማይ_ዕትም፦
የማርቭሎቹን ጌይ ጀግኖች ኖርዝስታርንና አይስማንን ለመጀመሪያ ንባብ አትስጥ። የ1954ቱ የኮሚክስ ኮድ፣ ማለትም አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት የይዘት ደንብ፣ እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ ይከለክል ነበር፤ የላላው በ1989 ነው። በ1979 የመጣው ኖርዝስታር ዓመታቱን በፍንጭ ብቻ ኖረ። በ1992 በ«አልፋ ፍላይት» ቁጥር 106 ጌይ መሆኑን የተናገረው በድብድብ መካከል ነው፤ ዕትሙ ደግሞ በኤድስ ስለምትሞት ሕፃን ነው። ታሪካዊነቱ ትልቅ ነው፣ ለ12 ዓመት ልጅ መግቢያነት ግን ይከብዳል።

አይስማንን በ2015 «ኦል ኒው ኤክስ ሜን» ቁጥር 40 ላይ የሰው ሐሳብ የምታነበው ባልደረባው ጂን ግሬይ ሐሳቡን አንብባ ነው ጌይ መሆኑን የነገረችው። ይህ ከራሱ አፍ የሚወጣ ቃል መሆን ነበረበት። ከሰጠህም የሲና ግሬስን የ2017 «አይስማን» አስከትል፤ እዚያ ለወላጆቹ ራሱ ይናገራል።

ቀለም_ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ክሩሴድ» ብራዚል ውስጥ ተከልክሎ ነበር ሲባል ሰማሁ። ወላጅ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?

ባለ_ጥራዝ፦
መስከረም 2019 ነው፤ በፈረንጆቹ። የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከንቲባ ማርሴሎ ክሪቬላ ከመጻሕፍት አውደ ርዕዩ እንዲነሳ አዘዙ፤ ምክንያታቸው ያ መሳሳም ነው። «ፎልያ ዴ ሳኦ ፓውሎ» ጋዜጣ ሥዕሉን የፊት ገጹ ላይ አወጣው፤ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እርምጃው ታገደ። ስለዚህ ብዙ አታብራራ፤ ያንኑ ገጽ ገልጠህ አሳያቸው። ልብሳቸውን የለበሱ ሁለት ወጣቶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።