የአይዛክ ሬይ የ1838 መጽሐፍ እጄ ገባ፣ ቆዳው ግን እየፈረሰ ነው። ምን ላድርግ?

አስተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ማሳቹሴትስ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ቅዳሜ አንድ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ገብቼ ዶክተር አይዛክ ሬይ ስለ እብደትና ሕግ የጻፈውን አገኘሁና ሳላመነታ ገዛሁት። የርዕስ ገጹ ቦስተን፣ ሊትልና ብራውን፣ 1838 ይላል። ወረቀቱ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል እንጂ ጠንካራ ነው፣ ቆዳው ግን ስነካው እንደ በርበሬ ዱቄት እጄ ላይ ይቀራል። አዲስ ቆዳ ላስለብሰው? የመጀመሪያው እትምስ ነው? ሕግ የተማራችሁ ካላችሁም ስለ መጽሐፉ ንገሩኝ፣ ይሄን ጉዳይ ባስተረጎምኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

ጥራዝ ወዳጅ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ሁለተኛው እትም የወጣው 1844 ነው፣ ስለዚህ ያንቺው የመጀመሪያው ነው። እባክሽ አዲስ ቆዳ እንዳታስለብሺው፣ የዘመኑ ጥራዝ ከጠፋ አይመለስም። ቅባት አትቀቢው፣ ስኮችም አትለጥፊበት፣ በሰፊ የጥጥ ሪባን ላላ አድርገሽ እሰሪውና አሲድ የሌለው ሳጥን አሰሪለት። ወረቀቱ የጠነከረው ያኔ ከጨርቅ ይሰራ ስለነበር ነው፣ ቶሎ የሚሰባበረው በኋላ የመጣው የእንጨቱ ነው።

ጠበቃ ነኝ፦
ይሄ መጽሐፍ እኮ ለንደን ድረስ ሄዶ ሰው አድኗል! በ1843 ዳንኤል ማክናተን የሚባል ስኮትላንዳዊ መንግስት እያሳደደኝ ነው ብሎ አምኖ የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራመንድን ተኩሶ ገደለ፣ ጠበቃው ኮክበርን ችሎት ላይ ከሬይ መጽሐፍ እየጠቀሰ ተከራከረለትና ነጻ ተባለ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተወሰደ። ንግስት ቪክቶሪያም ሕዝቡም ተቆጡ። የጌቶች ምክር ቤት፣ ማለትም የእንግሊዝ ፓርላማ ላይኛው ምክር ቤት፣ ጠይቋቸው ዳኞች ያወጡት መመሪያ ታዲያ ሬይ የተቃወመውን ነገር መልሶ አመጣው፣ ማለትም ሰውየው የሚሰራውን ወይም ጥፋት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ ብቻ ይጠየቅ ተባለ። ሬይ ደግሞ ሰው ክፉና ደጉን እያወቀ ሕመሙ ሊያሸንፈው ይችላል ነው የሚለው። እኔ ከሬይ ጋ ነኝ፣ ደንበኞቼ ላይ አይቼዋለሁ። ኒው ሃምፕሻየር ዳኛ ቻርልስ ዶ ከሬይ ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ ቆይቶ ድርጊቱ የሕመሙ ውጤት ነው ወይ የሚለውን መለኪያ አስገባ፣ ማሳቹሴትስም ከ1967 ጀምሮ ራስን መቆጣጠር አለመቻልን ይቆጥራል።

አስተርጓሚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳጥኑን አሰራለሁ። ውስጡ የድሮ ባለቤቱ በእርሳስ ያሰመረበት ቦታ አለ፣ አልነካውም። ግን አንድ ነገር፣ እናንተ ብትሆኑ ችሎት ላይ "እብደት" ትላላችሁ? ባለፈው ስል ተከሳሹ አንገቱን ደፋ፣ እናቱም ከኋላ አለቀሱ፣ እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ጠበቃ ነኝ፦
እኔ አልልም። እንግሊዝኛው "insanity"ም ቢሆን የሕግ ቃል ነው እንጂ ሐኪም የሚሰጠው የበሽታ ስም አይደለም። የሀገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 እብድ ሳይል ነው የሚገልጸው፣ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ ወይም በተረዳው መሰረት ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይሆንም ነው ሐሳቡ። ስለዚህ "በአእምሮ ሕመም ምክንያት በወንጀል ኃላፊ አለመሆን" ብትይ ይሻላል፣ ይረዝማል ግን ትርጉሙን አይለቅም። ብቻ ቀድመሽ ለዳኛው አስታውቂ።