በዕድሜ የሚበልጥ ተጫዋች ጨዋታውን ሲያውክ አዲስ መሪ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦
በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብ ጓደኛሞች የሚና ጨዋታ ጀምረናል፤ ይህም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በንግግርና በዳይስ ታሪክ የሚፈጥርበት ጨዋታ ነው። ታሪኩን የሚተርከውና ጨዋታውን የሚዳኘው የመሪው ሥራም ለእኔ ተሰጥቷል። ታሪኩ በቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ዘመን የሚካሄድ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭነው ወደ ምጽዋ የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ችግሩ ያለው ከአንድ ተጫዋች ጋር ነው። የሌሎችን ንግግር ያቋርጣሉ፤ ባልንጀሮቻቸው ለስንቅ የያዙትን አሞሌ ሌሊት ይሰርቃሉ፤ ከኬላ ጠባቂ ጋር ድርድር በተጀመረ ቁጥር ጎራዴ ይመዛሉ። ሲጠየቁም «ገጸ ባሕርዬ ሽፍታ ነው፤ ሽፍታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው» ይላሉ። በዕድሜ ስለሚበልጡን በሰው ፊት ለመናገር ይሉኝታ ይዞኛል፤ ደብተራውን ሆና የምትጫወተው ልጅ ግን ዝም ማለት ጀምራለች። ሽፍታውን በታሪኩ ውስጥ ወታደሮች ይያዙት ወይስ በቀጥታ ላነጋግራቸው?

መልስ 1፦
ወታደሮቹን አይላኩ። ሽፍታው ቢታሰር፣ መታሰሩና ማምለጡ ራሱ የዕለቱ ታሪክ ይሆንና ሌሎቹ ዳግመኛ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ ቅሬታው ያለውም በሰዎቹ መካከል እንጂ በገጸ ባሕርያቱ መካከል አይደለም። ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት ለብቻቸው ቡና ይጋብዟቸውና፣ ስለ ጠባያቸው ሳይሆን ስላደረጉት ነገር ይንገሯቸው። «ጋሼ፣ ልጅቷ ከኬላ ጠባቂው ጋር እየተደራደረች ሳለ ጎራዴ ስለ መዘዙ፣ ያሰበችውን ሳንሰማ ቀረን፤ ከእንግዲህ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ባይገባ ደስ ይለኛል» ማለት ድፍረት አይደለም። የሚወዱት ውጊያውን ከሆነም በየጉዞው አንድ የሚዋጉበት ስፍራ ያዘጋጁላቸው።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የሽፍታውን ምክንያት ዝም ብለው አይለፉት። በአገራችን ታሪክ ሽፍታ ሁሉ የገዛ ባልንጀራውን የሚዘርፍ አልነበረም፤ የቋራው ካሳ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው የኖሩት በዙሪያቸው ተከታይ አሰባስበው ነው። ስለዚህ ሽፍታው ከነጋዴዎቹ ጋር ለምን እንደሚጓዝና ለማን ታማኝ እንደሆነ ሰውየው ራሳቸው ይጻፉ። ምክንያት ካላገኙለት ሌላ ገጸ ባሕርይ ይፍጠሩ። ደንብም ያስፈልጋል፦ አንዱ ተጫዋች ሌላውን ሲሰርቅ ወይም ሲመታ የድርጊቱን መሳካት የሚወስነው ባለ 20 ገጹ ዳይስ አይጣል፤ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ሰው ውጤቱን ይወስን። እኔ በምመራው ጨዋታ ስርቆቱን ያስቀረው ይህ ደንብ ነው፤ ውጤቱ በተሰራቂው እጅ ሲሆን መስረቅ አያጓጓምና።

መልስ 3፦
ደንቡን ለእርሳቸው ብቻ መንገር በቂ አይመስለኝም። ብዙ የጨዋታ መሪዎች ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ለስምምነት ብቻ የሚሆን አንድ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ እናንተም ዘግይቶም ቢሆን አድርጉት። የጨዋታ ንድፍ አውጪው ጆን ስታቭሮፖሎስ ያስተዋወቀውን ኤክስ ካርድም (የ«X» ምልክት ያለበትን ካርድ) ጠረጴዛው ላይ ማኖር ይጠቅማል፤ ካርዱን የነካ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ የከበደው ነገር ይታለፋል፣ ይህም ይሉኝታ ለያዘው ታናሽ ትልቅ እረፍት ነው። ንግግር ማቋረጥን ግን ካርድ አይከለክልም፤ እርሱ የእርስዎ ሥራ ነው። ልጅቷን በስሟ ጠርተው አስቀድመው ይጠይቋት፤ ሌላ ሰው ሲገባም «ተራዎ ይደርሳል» ብለው ወደ እርሷ ይመለሱ። ተነግሯቸውም፣ በደንቡ ተስማምተውም ካልተለወጡ፣ ከጨዋታው እንዲቀሩ በአክብሮትና በግልጽ ይጠይቋቸው። ይህንንም ልጅቷ መምጣት ከማቆሟ በፊት ያድርጉት።