ነገ ከኦሽን ሲቲ እንመለሳለን፣ የ7 ወር ልጅና እናቴን ይዘን የመጨረሻውን ቀን እንዴት እናድርገው?

ጥያቄ

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው የባህር ዳርቻ ከተማ ኦሽን ሲቲ መጥተን ዛሬ አምስተኛ ቀናችን ነው፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 ወሯ ልጃችንና ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ። ነገ እሁድ የመጨረሻ ቀናችን ነው፣ የተከራየነውን ቤት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ማስረከብ አለብን (ሰዓት ሁሉ በሀበሻ ነው የምጽፈው)። ሰኞ ሁለታችንም ስራ ገቢ ነን፣ እማዬ ደግሞ ሐሙስ በረራ አላት።

እማዬ ባህር በአይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በየቀኑ ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና ውሃው እግሯን እስኪነካት ቆማ ትጠብቃለች፣ ሲነካት ታማትባለች። ዛሬ "ነገማ የመጨረሻችን ነው እስኪመሽ እንቀመጥ" አለችኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ ደግሞ እሁድ ከሰዓት ቤይ ብሪጅ (ወደ ቤት ስንመለስ የምንሻገረው ረጅም ድልድይ) ላይ ከሚያለቅስ ህፃን ጋር መቆም አልፈልግም በጠዋት እንውጣ ይላል፣ እሱም ልክ ነው። ቤቱን ካስረከብን በኋላ ልጅቷ የት ትተኛለች፣ ፓምፕ ያደረግኩት ወተትስ እስከ ማታ ይቆያል ወይ? ሌላው ደግሞ አንገቷ እጥፋት ውስጥ አሸዋ እየገባ በየቀኑ ስጠርግላት ቀልቷል፣ ፎጣ ሲነካት ታለቅሳለች። እማዬ ቅቤ ቀብቼ የጠዋት ፀሐይ ላሙቃት ትላለች፣ እኔንም እንደዛ ነው ያሳደገችኝ፣ ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ላስቀይማት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ የሦስት ልጆች እናት ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ እስኪመሽ የሚለውን ተይውና እስኪነጋ አድርጊው። እዛ ፀሐይ የምትወጣው ከባህሩ ነው፣ በዚህ ወቅት ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ዳርቻው ባዶ ነው፣ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፣ ልጅሽም እንደሁሉም ህፃን በዛን ሰዓት ነቅታለች አይደል? እናትሽን ያኔ ውሰጃት። ማታው ግን ቤት ሳይኖርሽ ከሆነ ህፃኗ ከአሸዋ ጋር ትውላለች፣ የምትታጠብበት የለም፣ እኛ ካቻምና ሞክረነው ቦርድዋክ (ዳርቻውን ይዞ የሚሄደው የእንጨት መንገድ) ላይ ጋሪ እየገፋን ስድስት ሰዓት ሙሉ ዞርን፣ ልጁ አስር ደቂቃ እንኳን አልተኛም።

ዛሬ ማታ ሁሉን ጠቅልላችሁ መኪና ውስጥ ክተቱ፣ የህፃኗን አልጋ ብቻ አስቀሩ። ለጠዋት አንድ ቦርሳ ይበቃል፣ ሁለት ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ የሚነጠፍ አንሶላ፣ የቧንቧ ውሃ በሁለት ሃይላንድ ለእጅና ለእግር መታጠቢያ። አንሶላው ላይ ማንም በጫማ እንዳይወጣ፣ አሸዋው የሚገባው በትልልቆቹ እግር ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የባህር ዳርቻ ጠባቂዎቹ ስራ የሚጀምሩት 4 ሰዓት ነው፣ እስከ 11 ተኩል። በማለዳ ማንም የለም፣ እናትሽ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እንዳትገባ፣ ክንዷን ያዢያት፣ ማዕበሉ ሲመለስ ከእግር ስር አሸዋውን ይዞት ነው የሚሄደው።

መልስ፣ በየክረምቱ የምነዳ አባት

ከባልሽ ጋር ነኝ። እሁድ ወደ ምዕራብ ስትመለሱ ድልድዩ ከጠዋት 4 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው የሚጨናነቀው። ስትመለሱ ክፍያ የለም፣ የሚከፈለው ስትሄዱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰልፉ በቃ ከመኪናው ብዛት ነው፣ ሌላ መውጫ የለውም። ከኦሽን ሲቲ እስከ ድልድዩ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሁለት ሰዓት ገደማ በሉት። 4 ሰዓት ላይ ቁልፍ አስረክባችሁ ብትነሱ መሀሉ ውስጥ ነው የምትገቡት። ወይ 2 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ወይ እናንተው እንዳላችሁት መሽቶ ከ2 በኋላ፣ መሀል የለም። ማታ ህፃኗ ትተኛለች ግን ሰኞ ስራ ያለው ሹፌርም እንቅልፍ ይመጣበታል፣ እኔ አልደፍረውም።

መንገዳችሁ ላይ ካምብሪጅ ከተማ የቾፕታንክ ወንዝ ድልድይ ጋ የጎብኚዎች ማዕከል አለ፣ መጸዳጃም ሳርም አለው፣ እዛ አውጧት፣ ጡት ትጥባ፣ ሳሩ ላይ ትንፈራገጥ። በየሁለት ሰዓቱ ከወንበሯ ትውጣ። ህፃኗ ስታለቅስ እናትሽ "እኔ ልቀፋት" ማለታቸው አይቀርም፣ የእኔ አማችም እንደዛ ነበሩ፣ እየሄዳችሁ በፍጹም አይሆንም፣ መኪናውን አቁሙ። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 2 ዓመት ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ መቀመጥ ግዴታ ነው።

መልስ፣ የህፃናት ክፍል ነርስ ነኝ

የጥያቄሽን የጤናውን ክፍል ልመልስልሽ። ቅቤ ከፀሐይ አይከላከልም፣ ሙቀት ያወጣው ሽፍታ ላይ ደግሞ ቅባት ላቡን ስለሚዘጋው ሊያባብሰው ይችላል። ድሮ ፀሐይ የሚሞቀው አጥንት እንዲጠነክር ነው፣ ምክንያቱ ትክክል ነው፣ ቫይታሚን ዲ ነው። እዚህ ግን ጡት ለሚጠባ ህፃን በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ነው የሚታዘዘው፣ እየሰጠሻት ከሆነ ያንኑ እያገኘች ነው። ለእማማ እንደዚህ አስረጂያቸው፣ "አንቺ ያልሽው ነገር በጠብታ እየገባላት ነው" በያቸው፣ የእኔ እናት በዚህ ነው የተቀበለችኝ።

ከ6 ወር በላይ ስለሆነች ዚንክ ኦክሳይድ ያለው፣ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዛ በላይ የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ይቻላል፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል፣ የቀላው አንገቷ ላይ ግን አታድርጊ። ጥላና ኮፍያ ይበልጣል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ሽሹት።

አንገቷን አትጥረጊው፣ መጥረጉ ነው ያቀላው። አገጯን ቀና አድርገሽ ለብ ያለ ውሃ በእጅሽ እያፈሰስሽ አሸዋው ይውረድ፣ ከዛ ለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂው፣ ከመጥረግ የመጣ እንጂ የሙቀት ሽፍታ ስላልሆነ ስስ ቫዝሊን በቂ ነው። እግሯና እጇ ላይ ለደረቀው አሸዋ የበቆሎ ስታርች በእጅሽ መዳፍ ቀብተሽ ብታራግፊው ይለቃል፣ ግን ፊቷ አካባቢ እንዳይቦን። ከአንገቷ ውሃ ቢወጣው፣ ቢሸት ወይም ብታተኩስ ለሐኪሟ ደውዪ።

ወተቱ፣ አዲስ የታለበው በክፍል ሙቀት ቢበዛ ለ4 ሰዓታት፣ ከበረዶ ጋር በኩለር (ቅዝቃዜ በሚይዝ ሳጥን) ቢበዛ ለ24 ሰዓታት ይቆያል። ባህር ዳር ሙቀቱ የክፍል ሙቀት አይደለምና ኩለር ውስጥ ብቻ። ጀምራ የተወችውን በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰች ይደፋ።

መልስ፣ አያት ነኝ፣ የልጅ ልጅ ላሳድግ መጥቼ የቀረሁ

ልጄ፣ እናትሽ ባህሩን ብቻ መስሎሽ ነው? አራት ቀን ነው የቀራት፣ ልጅቷን ታቅፋ መቀመጥ ነው የምትፈልገው። ፀሐይዋን ትታችሁ እቅፉን ስጧት። ሰዓት አትቁጠሩባት፣ ጥድፊያውን እናንተ ቻሉት፣ እቃውን ባልሽ ይጫን፣ አንቺም ስልክሽን አስቀምጪና አጠገቧ ተቀመጪ።

ጠያቂዋ፣ ሰኞ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ጫንን፣ ባለቤቴ በጠዋት እንወጣለን ስለው ፊቱ ፈታ አለ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ቡናዋን አፍልታ በፔርሙዝ ይዛ ወረድን። የጠብታውን ነገር ነርሷ እንዳለችኝ ነገርኳት፣ "ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልነገርሽኝም" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ቅቤው አይሆንም ብቻ ነበር የምላት። ጃንጥላው ስር ልጅቷን በጋቢ ታቅፋት ተቀመጠች፣ ፀሐይዋ ስትወጣ ሁለቱም ዝም አሉ። ልጅት የነጠላውን ጥለት ጨምቃ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ የባህር ውሃ ነክቶት ስለነበር ጨው ሆነባትና ፊቷን አጨማዳ መልሳ ደግሞ ጠባችው።

ቤት ተመልሰን ተጣጥበን 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን። አንድ ነገር ለሌሎች እናቶች ልንገራችሁ፣ የመኪና ወንበሯ ማቆለፊያ ውስጥ አሸዋ ገብቶ አልቆለፍ ብሎን ነበር፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ እስኪሰማ መሄድ የለም ብለን ወንበሩን ገልብጠን አራግፈን፣ እንደገና ሞክረን ነው የያዘው፣ ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ፈትሹት። ካምብሪጅ ላይ ቆምን፣ ጠባች፣ ሳሩ ላይ ተገለበጠች። ቤይ ብሪጅ ላይ ትንሽ ተንፏቀቅን እንጂ አልቆምንም። ካምብሪጅን እንዳለፍን እማዬ "ልቀፋት" አለች፣ ባለቤቴ ወዲያው ዳር ያዘ፣ አስር ደቂቃ አቅፋት ቀጠልን።

አንገቷ ዛሬ ደርቋል፣ ቅላቱም ቀንሷል። እማዬ የሰበሰበቻቸውን ዛጎሎች አጥባ መስኮቱ ላይ አስጥታቸዋለች፣ ለጎረቤቶቿ አንዳንድ እያለች ትቆጥራለች፣ ሁለት ጎድሎባታል።