በበዓል ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ የማን ይሁን?

የጅረን ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? በሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ሳይቋጭ ስለቀረ እዚህ ላምጣው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ኢሬቻ ባለው ጊዜ የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለልጆች ፕሮግራም ያዘጋጅ የሚል ነው። ተረት፣ ሥዕል፣ እንቆቅልሽ፣ ለበዓል መጽሐፍ ማዋስ። ገሚሱ «ይበል» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ቤተ መጻሕፍት መጫወቻ አይደለም» ብሎ ተነሣ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። መስከረም ላይ ልጅን የሚይዝ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ተከፈተ ይባላል እንጂ ክፍል እስኪደለደል፣ መምህር እስኪሟላ ጊዜ ይወስዳል። እናት ገበያ ናት፣ አባት ሥራ ላይ ነው። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ 16 ደመራ፣ 17 መስቀል፣ ቀጥሎ ኢሬቻ። እኛ ጋ ዝናቡም በእንቁጣጣሽ አያበቃም። ከሰዓት ሲያጉረመርም ልጁ የት ይሄዳል? ፕሌይስቴሽን ቤት። ሳንቲም ያለቀበት ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሌላው ሲጫወት ያያል። ይሄን ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ቡናው ይቀላል። በዙሪያችን ያለው ገጠር ልጅ ለቀማ ይገባል። ከተማ ያለውም ዘመድ ጋ ይላካል። ስለዚህ ልጅን ከመጽሐፍ ጋር ለማስተዋወቅ ከመስከረም የተሻለ ጊዜ አላይም።

የ12 ተፈታኝ፦
ወንድሜ፣ ለልጆች ማሰብህ ደስ ይላል። ቦታው ላይ ግን በፍጹም አልስማማም።

እኔ የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፣ አምስት ሆነን። በዓል ሲመጣ ዘመድ ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። ያኔ የማጠናበት ጸጥ ያለ ቦታ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። ቡና የሚያጠጣ ካፌ ገብቼ አራት ሰዓት ልቀመጥ አልችልም፣ ያስነሱኛል።

ውጤቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምናነበው በስልክ ነው። ስልክ የሌለው ተውሶ ነው የሚያነበው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከጎኔ ተረት ሲተረትና ሲጨበጨብ እንዴት ነው ፊዚክስ የምሠራው? ልጆቹ ሌላ ቦታ ያገኛሉ። እኔ የለኝም።

ባለጡረታው፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ከጅማ ውጭ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ማዋሱ ላይ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና።

አንድ ዓመት ለበዓል መጽሐፍ እናውስ ብለን ወሰንን። አለቃችን «አንዱም አይመለስም» አሉ። መታወቂያ ያዝን፣ ወላጅ ተያዥ ሆኖ ፈረመ። ተመለሱ። አንዱ ጥጉ ላይ ቅቤ ጠጥቷል። ሌላው መሐሉ ላይ አደይ አበባ ደርቆ ተጣብቋል፣ ከገጹ ላይ ስናነሣው ቢጫው እዚያው ቀረ። የሦስተኛው ጥራዝ ተፈትቶ ስለነበር በወስፌ በስቼ በሰም በታሸ ክር ሰፋሁት። እንዲህ ያለው ሥራ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ማንም ሊፈራው አይገባም። የጠፋ መጽሐፍ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የበዓሉን ዕለት ለሠራተኛው ተዉለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በበዓል ቀን ለሠራ እጥፍ ይከፈለው ይላል። ያ አዋጅ ግን እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ አይመለከትም። መጽሐፍ የምታመጣላችሁ ልጅም ቤቷ ዶሮ አላት፣ እንግዳ አላት። በዋዜማውና በማግስቱ ግን በሩ ክፍት ይሁን።

የሄርማታ ሰው፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። እኔ የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

«የመስከረም በዓላት ፕሮግራም» ስትሉ የማን በዓል ነው? መስቀል ሁሌም መስከረም 17 ነው። ኢሬቻም መስቀልን ተከትሎ ይመጣል። መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በ2016 መስከረም 16 ዋለ፣ ከደመራው ጋር በአንድ ቀን። ያን ዕለት አንዱ ጎረቤት ችቦ ሲያስር ሌላው መንዙማ ሲል ያመሸ ስንት ግቢ ነበር። በ2017 መስከረም 5 ሆነ። በቀጣዩ ጊዜ ጳጉሜንንም አልፎ ነሐሴ መጨረሻ ገባ። ከዚህ በኋላ ወደ ሐምሌ ነው የሚሄደው። መስከረም የሚመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ከእንቁጣጣሽ እስከ ኢሬቻ ብላችሁ ካሰራችሁት፣ ሳታስቡት የኔ ልጅ በዓል ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ይቀራል። በጅማ፣ በአባ ጅፋር አገር፣ ይሄ ልክ አይመጣም። ክፋት አለ እያልኩ አይደለም። ቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ ነው የምለው።

የአጂፕ ሰፈር፦
እኔ ደግሞ ምንም በዓል አይግባ ባይ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የሁሉም ነው። ዛሬ የአንዱን ካከበረ ነገ የሌላውን ለምን ተወ ይባላል፣ ጭቅጭቅ ነው። መጽሐፉን አንብቡ፣ በዓሉን በየቤታችሁ አክብሩ።

መምህርቷ፦
የአጂፕ ሰፈር፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን የሁሉም ስለሆነ ባዶ ይሁን ማለት ይከብደኛል። የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1949 ወጥቶ በ2022 የታደሰ ነው። አገልግሎቱ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ ሳይለይ ለሁሉም እኩል ይሁን ይላል። እኩል ለማድረግ ደግሞ ማን እንደማይመጣ ማየት ያስፈልጋል።

ማን ነው የማይመጣው? ሴት ልጅ! በበዓል ሰሞን ከሰዓት ላይ ሴት ልጅ የት ናት? ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቄጤማ እየጎዘጎዘች፣ ሕፃን እያዘለች። በክፍሌ አይቻለሁ። አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ፤ ከበዓል ማግስት ስትመጣ ጣቶቿ ከሽንኩርቱ የተነሣ ደብተር ላይ ሽታ ይተዋሉ። የወንድሟ ደብተር ላይ ያለው የኳስ ጭቃ ነው። ፕሮግራሙ ከሰዓት ከሆነ ወንዶቹን ብቻ ታስተናግዳላችሁ። እኔ በማግስቱ ጠዋት ይሁን እላለሁ። ያኔ ቤት ውስጥ የተረፈ ምግብ አለ፣ እናትም ትንሽ ታርፋለች፣ ልጅቷን ትለቃታለች።

ተረቱም በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን። አያቶቻችን በአፋን ኦሮሞ የሚያወሩት ተረትና ሂቦ፣ እንቆቅልሽ ማለት ነው፣ አለ፤ ልጆቹ በቁቤ ሊጽፉት ይችላሉ። የተጻፈው ወረቀት ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ ቢገባ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይገዛ መጽሐፍ አገኘ ማለት ነው። ቅድም ጋሼ ወስፌ አሉ፣ መስፋቱን እሳቸው ያሳዩን።

የ12 ተፈታኝ፦
መምህርት፣ ጠዋት ከሆነ እኔ ጨርሶ ቦታ አጣሁ ማለት ነው። ጠዋት ነው ጭንቅላቴ የሚሠራው።

ደግሞ ለልጆች ለብቻቸው መክፈት ይቻላል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ የትልልቆቹን ቦታ አልወሰዱም። በኋላም ሐዋሳ አካባቢ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆቹ ያሉበት ድረስ አደረሱ። እኛስ ለምን ሰፈር ለሰፈር አንወስድላቸውም? በባጃጅ ይቻላል።

የጅረን ልጅ፦
ሁሉንም አነበብኩ። ባጃጁ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ልጁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መግባቱን አይተካም። ልጅ መደርደሪያውን በዓይኑ ይይ። በሩን ገፍቶ መግባት ይልመድ። ዛሬ ሰባት ዓመቱ ላይ ያልገባ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ «ለኔ ነው» ብሎ አይገባም። አንተ ራስህ መግባቱን ከየት ነው የለመድከው?

ስለ ጩኸቱ ግን ልክ ነህ። ንባብ አዳራሹ አይነካ። ተረቱ በረንዳ ላይ ይሁን፤ ዝናብ ከመጣ ሸራ ይወጠር፣ ለልቅሶና ለሰርግ የሚወጠረው ድንኳን በየዕድሩ አለ። በርጩማ ደግሞ በጅማ ይጠፋል እንዴ! እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ጠዋት በማግስቱ የምትለውን የመምህርትን ሐሳብ እቀበላለሁ፣ በዓል ሲያልፍ ብቻ እስከሆነ ድረስ። በሌላው ቀን ጠዋቱ የተፈታኞች ይሁን።

በዓል አይግባ ለሚለው ወንድሜ፦ ቤተ መጻሕፍቱ በዓል አያክብር። ግድግዳው ላይ ምንም አይሰቀል። ልጁ ግን የጎረቤቱን በዓል ከመጽሐፍ ያንብብ፣ ከአዛውንት አፍ ይስማ። ይሄ ያጣላናል ብዬ አላስብም።

የአጂፕ ሰፈር፦
ካልተሰቀለ አልቃወምም። አዛውንቶቹን የሚመርጠው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይነገር።

የ12 ተፈታኝ፦
በረንዳው ከአዳራሹ መስኮት ራቅ ካለ ይሁን። አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። በዓል ሰሞን ከ12 ሰዓት በኋላም ይከፈትልን። መብራት ካለ፣ ጥበቃው ካለ፣ እኛ ራሳችን ተራ ገብተን ወንበር እናስተካክላለን። ይሄ ከተጻፈ ከልጆቹ ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም ቅዳሜ አንዱን ቡድን እኔ አስነብባለሁ።

ባለጡረታው፦
ልጄ፣ ተባረክ። ወስፌውና ክሩ በኔ ነው።

የጅረን ልጅ፦
በሚቀጥለው ስብሰባ ይሄን ይዤ እገባለሁ፦ በረንዳ፣ የማዋሻ ፊርማ፣ የማታው ሰዓት፣ የበዓል ማግስት ጠዋት። የሄርማታ ሰው፣ አንተም ና፣ ስለ መውሊዱ ራስህ ብትናገር ይሻላል።

የሄርማታ ሰው፦
እመጣለሁ ኢንሻአላህ። የፕሮግራሙ መጀመሪያ ወደ ነሐሴ ካልተሳበ ግን አልፈርምም። ነሐሴ ላይ ትምህርት ዝግ ነው፣ የ12ኛው ፈተናም ሐምሌ ላይ አልቋል፣ የሚረበሽም ሰው ያንሳል። ቀኑን አስቡበት፣ ከዚያ እንነጋገራለን።