በኮንዶሚኒየም ስንኖር አካባቢን የማይጎዳ አኗኗር ከየት እንጀምር?

የግንፍሌ ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወረድ ብሎ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በኪራይ እንኖራለን። የቤታችንን አኗኗር አካባቢን በማይጎዳ መንገድ ለማስተካከል ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ብዙ ስናነብ ቆይተናል፤ ሆኖም በኢንተርኔት የምናገኘው ምክር አብዛኛው ከእኛ ኑሮ ጋር አይገናኝም። የልብስ ማድረቂያ ማሽን አትጠቀሙ ይለናል፤ እኛ ልብስ የምናሰጣው በገመድ ላይ ነው። የቤት ማሞቂያውን ቀንሱ ይለናል፤ ማሞቂያ የለንም። በሳምንት አንድ ቀን ከሥጋ ታቀቡ ይለናል፤ ረቡዕና ዓርብን ትተን ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን መሆኑን የጻፈው ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም።

የቤታችን ሁኔታ እንዲህ ነው። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጋግራለን፤ ወጡም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። እናቴ ግን ቡና የምታፈላው በከሰል ሲሆን፣ ይህን ለመለወጥ ፈቃደኛ አይደለችም። የምንጥለው በአብዛኛው የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የሻገተ እንጀራ ነው፤ ሁሉም በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ይወሰዳል። መኪና የለንም። ያለን ጊዜም ገንዘብም ውስን ስለሆነ፣ በመሐል ከተማ ለሚኖር እንዲህ ላለ ቤተሰብ ከልብ ሊያዝበት የሚገባው የትኛው እንደሆነ፣ በተለይም ቆሻሻን በጠባብ በረንዳ ላይ ወደ ማዳበሪያ መለወጥ ይቻል እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የበረንዳ ጓሮ

የሚጥሉትን ሲዘረዝሩ መልሱንም አብረው የጻፉት ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ በክብደት ሲመዘን ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሶ የጠቀሱት ዓይነት እርጥብና በስባሽ ነገር ነው። ይህ እርጥብ ነገር በጓሮ አፈር ላይ ቢወድቅ በጥቂት ወራት ውስጥ አፈር ይሆናል፤ በፌስታል ተቋጥሮ ሌላ ቆሻሻ በላዩ ሲከመርበት ግን አየር ስለማያገኝ ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት የሚያፍን ጋዝ ነው፤ በቆሼ ክምር ላይ ለዓመታት ሲጨስ ይታይ ለነበረው እሳትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቆሼን ያነሣሁት ጉዳዩ የጋዝ ብቻ ስላልሆነ ነው። ረጲ አካባቢ ያለው ይህ መጣያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማውን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል፤ እሱን እንዲተካ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው አዲስ መጣያም በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት በወራት ውስጥ ሥራ ሲያቆም ቆሻሻው ተመልሶ ወደዚያው ክምር ሄደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ቆሻሻውን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ የእኛ ቆሻሻ ውኃ የበዛበት በመሆኑ ከሚሰጠው ሙቀት የተወሰነው ራሱን ለማድረቅ ይባክናል። ስለዚህ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ከየትኛውም የኢንተርኔት ምክር በፊት መምጣት አለበት ባይ ነኝ።

በበረንዳ ላይ ማዳበሪያ መሥራት ይቻላል። ክዳን ያላቸው ሁለት የቀለም ባልዲዎች ይፈልጉ፤ ባዶ ባልዲ ከግንባታ ቦታ በርካሽ ይገኛል፣ ውስጡን ግን በደንብ ይጠቡት። ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ይብሱትና የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ሳፋ ከሥሩ ያስቀምጡ። ልጣጩንና አተላውን ከጨመሩ በኋላ ሁልጊዜ በላዩ ደረቅ ነገር ያልብሱት፤ ሰጋቱራ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን ሁሉም ይሆናሉ። በመጠን ደረቁ ከእርጥቡ ቢበዛ እንጂ ባያንስ ይሻላል፤ ባልዲው የሚሸተው እርጥቡ ሲበዛ ወይም ሳይገላበጥ ሲቀር ነውና በሳምንት አንድ ጊዜ በእንጨት ያገላብጡት። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት ያለበት ወጥና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡ፤ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ለመበስበስ ስለሚዘገይ በትንሹ ይሁን። የከተማችን ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ አንደኛው ባልዲ ከሞላ በኋላ ሦስት አራት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ሁለተኛውን ይሞላሉ። በክረምት ዝናብ እንዳይገባበት ወደ ግድግዳው ያስጠጉት።

ዋትና አምፔር

ስለ እርጥብ ቆሻሻ የተባለው ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። እንደ እኔ አመለካከት በዚህ ቤት ውስጥ ትልቁ ጉዳይ እናት የሚያቀጣጥሉት ከሰል ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠናው በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሲጨመርበት ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጠናከራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ በፈረንጅ አገር አምፖል ማጥፋት የድንጋይ ከሰል ጭስን መቀነስ ሲሆን፣ እዚህ ግን ጥቅሙ በዋናነት ለኪስና ለሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ከሰል ከዚህ ይለያል። በባህላዊው መንገድ እንጨት ተከምሮ፣ በአፈር ተዳፍኖ ሲከስል አብዛኛው የእንጨቱ ጉልበት በጭስ መልክ ይጠፋል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ቢያንስ አምስት ኪሎ እንጨት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ይቃጠላል። ለአንድ ስኒ ቡና ሲታሰብ ጥቂት ይመስላል፤ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ለሚፈላበት ቤት ግን ጥቂት አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ከሰል ሁሉ ከተጨፈጨፈ ደን የመጣ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ግራር የሚከስለው እውነተኛ ጉዳት ያለው ሲሆን፣ ከአዊ ዞን የሚመጣው ግን በአብዛኛው ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ተክለው በጥቂት ዓመታት ከሚቆርጡት ዲከረንስ የሚሠራ ነው፤ ዛፉ እንደገና ይተከላል፣ መሬቱም ያገግማል። ችግሩ በጆንያ የቀረበው ከሰል ከየትኛው እንደሆነ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው።

ስለ ምጣዱ ደግሞ ይህን ልጨምር። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። ታሪፉ በእርከን የተሠራ በመሆኑ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ብክነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ሸክላው እስኪግል ከሚጠፋው ኃይልና ከማይገጥም አክንባሎ ነው። እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ ስለሚሻግት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ጋግሩ አልልም፤ ነገር ግን ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ አንዱ ሲጨርስ ሌላው በጋለው ምጣድ ላይ ቢቀጥል፣ የመጨረሻዎቹም ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት ቢጋገሩ የሚታይ ልዩነት ያመጣል። ምሽት ላይ ሁሉም ቤት ስለሚያበስል ኃይሉ ይዳከማል፤ ከተቻለ መጋገሩ ረፋድ ላይ ይሁን። የሚሻግተውን በተመለከተ መፍትሔው ከባልዲው በፊት ነው፤ የተረፈው ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን።

የቀበናዋ እናት

ልጄ፣ ስለ እናትሽ ጉዳይ እኔ ልናገር፤ ዕድሜያችን ሳይቀራረብ አይቀርም። ዋትና አምፔር የተባሉት ወንድማችን ያሉት ስለ እንጨቱ እውነት ነው፤ እናትሽን ግን በዛፍ ቁጥር አታሳምኛትም። ለእሷ ቡናው ጀበናው ከፍም ላይ ሲንተከተክ፣ ዕጣኑ ከዚያው ፍም ላይ ሲጨስ ነው። እኔ ቤት የሆነውን ልንገርሽ፤ ቡናው የሚቆላውና ጀበናው የሚጣደው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲሆን፣ ለዕጣኑ ብቻ ሁለት ሦስት ፍሬ ከሰል በትንሿ ማጨሻ ላይ ይቀጣጠላል። አንድ ኩንታል ከሰል ስንት ጊዜ እንደሚቆየኝ ብነግርሽ አታምኚም።

ይህን እንኳ እንቢ ካለች በቆርቆሮ ምድጃዋ ፋንታ ላቀች የሚባለውን፣ ውስጡ ሸክላ የሆነውን ግዢላት፤ ሙቀት ስለሚይዝ ከሰሉን እስከ ሩብ ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ግን ኮንዶሚኒየም እንደ ድሮው ቤት ክፍተት የለውም። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም ትቶ መተኛት ስንቱን ቤት እንደዘጋ ታውቂያለሽ። የልጅ ልጆቿ የሚተኙበት ቤት መሆኑን ከነገርሻት ከዛፉ ይልቅ ይህ ይገባታል።

የግንፍሌ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ፣ የልጆቹን ነገር ዛሬ ማታ አነሣባታለሁ፤ የዕጣኑን መላ ሳትወደው አትቀርም። ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። አንደኛ፣ እርጥቡን ለይተን ባልዲ ውስጥ ካስቀረን የቀረው ደረቅ ቆሻሻ መጨረሻው የት ነው፤ ሰብሳቢዎቹ ሁሉንም በአንድ ጋሪ የሚጭኑ ከሆነ የመለየቱ ጥቅም ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ባልዲው ሲሞላ ማዳበሪያውን የት እናደርገዋለን? አከራያችን በረንዳው ላይ የአፈር ክምር ቢያዩ ደስ አይላቸውም።

ሰፈር አጽጂ

በዚሁ በአራዳ ክፍለ ከተማ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ከጋሪው በኩል ያለውን ልንገርዎት።

ነዋሪው ለቆሻሻ የሚከፍለው ከውኃ ሒሳብ ጋር አብሮ መሆኑን ያውቃሉ፤ እኛ የሚከፈለን ደግሞ በምናስረክበው መጠን ነው። ይህ ብቻውን አያኖርም። ብዙዎቻችን የምንደጎመው ከቆሻሻው ውስጥ ለይተን በምንሸጠው ነው፤ ባዶ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ለየራሳቸው ገዢ አላቸው፣ ቆራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበውም መጨረሻው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም የፕላስቲክ መፍጫ ድርጅት ነው። ጋሪው አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ጆንያዎቹ ግን በጎኑ የተንጠለጠሉት ለዚህ ነው። ወጥ የፈሰሰበት ካርቶን ገዢ የለውም፤ አተላ የተደፋበት ሃይላንድም ካልታጠበ ዋጋው ይወርዳል፣ ለማጠብ ደግሞ በፈረቃ የሚመጣው ውኃ አይተርፍም። ስለዚህ እርሶ እርጥቡን ባልዲ ውስጥ ሲያስቀሩ ደረቁ ሳይበላሽ እኛ እጅ ይደርሳል፤ እጃችንንም ከተሰበረ ብርጭቆና ከመላጫ ያድናሉ፣ እነዚህን ግን በወረቀት ጠቅልለው ለብቻ ቢሰጡን ነው። ከተቻለ ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍተው ጨፍልቀው ያስቀምጡልን።

ፌስታል የተለየ ነው። ቀጭኑ ፌስታል ቢሰበሰብም ማንም አይገዛውም፤ በነፋስ ተነሥቶ ቱቦ ይደፍናል፣ በክረምት ግንፍሌ ወንዝ ሲሞላ ከድልድዩ ሥር የሚታየው እሱ ነው። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከልክሎት ነበር፤ ከልካይ ሳይኖረው ብዙ ዓመት አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላ የሚከለክል ነው። ለእሁድ ገበያ ዘንቢል ይዞ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናትዎ ያሳዩዎታል።

የበረንዳ ጓሮ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከሁለት ባልዲ የሚወጣው ማዳበሪያ የአምስት ሰው ቤት ቢሆንም ያን ያህል ክምር አይደለም፤ ሲበሰብስ ከግማሽ በታች ይሆናል። ከአፈር ጋር ለሁለት ቀላቅለው በሌሎች ባልዲዎች ቆስጣ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይትከሉበት፤ አከራይዎ የሚያዩት አትክልት እንጂ የአፈር ክምር አይሆንም። ከዚያ የተረፈውን በግቢው ውስጥ ላሉት ዛፎች ሥር ማድረግ ይቻላል፤ አስቀድመው የሕንፃውን ኮሚቴ ቢያስፈቅዱ ግን ይሻላል፣ የእኛ ኮሚቴ በመጀመሪያ ከልክሎ ኋላ ራሱ ባልዲ ጠይቆናል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ። ሰጋቱራ ከእንጨት ሥራ ቤቶች በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ነገር ግን ዛሬ ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከኤምዲኤፍና ከቺፑድ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚወጣው ብናኝ ሙጫ አለበትና ለሚበላ ተክል አይሆንም። በርና የአልጋ እግር ከባሕር ዛፍ ወይም ከጽድ የሚሠራ ቤት ፈልገው፣ ከመላጊያው ሥር የሚወጣውን ፍቅፋቂ ይጠይቁ።