«ኧረ መላ መላ»፦ ግሥ ያልተነገረለት ልመና

እኅታችን «መላ» ከ«ዘዴ» እና ከ«መፍትሔ» በምን እንደሚለይ ጠይቀዋል። ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከዓመታት በኋላ ሰሞኑን ደግሜ ከሰማሁት ከማህሙድ አህመድ አልበም ብጀምር እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ አሳታሚነት በሸክላ የወጣውን፣ አይቤክስ ባንድ ያጀበውን «ኧረ መላ መላ» በወጣትነቴ ካሴቱ እስኪላላ ድረስ አዳምጬዋለሁ፤ ያኔ ግን ጆሮዬን ይዞት የነበረው ሳክስፎኑና ባስ ጊታሩ ነው፤ ስለ ርእሱ ሰዋስው ማን አስቦ!

አሁን ስሰማው የገረመኝ ሐረጉ ግሥ የሌለው መሆኑ ነው። «መላ ምቱ» ይሁን «መላ በሉኝ» ወይም «መላ ፈልጉልኝ» አልተነገረም፤ ሆኖም ምን እየተጠየቀ እንደሆነ የሚጠፋው አማርኛ ተናጋሪ የለም። የግሡን ሥራ የተሸከመው ድግግሞሹ ይመስለኛል። ስምን ወይም ቅጽልን በአማርኛ ስንደግም አንዳንዴ «ጥሩ ጥሩውን ምረጥ» እንደምንለው ለመለየት ነው፤ ይህ እዚህ አያገለግልም። አንዳንዴ ደግሞ «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» ስንል የውስጥ ስሜትን መግለጻችን ነው። ሦስተኛው «ሌባ ሌባ!»፣ «እሳት እሳት!» እንደሚባለው ያለ ጩኸት ሲሆን፣ ሰሚው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነገረው ከቤቱ ይወጣል። የዘፈኑን ሐረግ ከዚህኛው ጋር እመድበዋለሁ፤ ምክንያቱም ከፊቱ «ኧረ» አለ። «ኧረ ተው»፣ «ኧረ እባክህ»፣ «ኧረ ምነው» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ለራሳችን ሳይሆን ከአጠገባችን ላለ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሐረጉ ከእንጉርጉሮ ይልቅ ለኡኡታ ይቀርባል።

የእኅታችን ጥያቄ መልስም የሚገኘው ከዚሁ ይመስለኛል። «መፍትሔ» ከ«ፈታ» ጋር የሚዛመድ በመሆኑ በቅድሚያ የታወቀ ቋጠሮ መኖሩን ይገምታል፤ በዘገባና በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚመቸውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ዘዴ» ሰው ብቻውን ሊያበጀው የሚችል ነገር ነው፤ ተንኮል ሊኖርበትም ይችላል። «መላ» ግን ከሌላ ሰው ይጠየቃል። የቸገረው ሰው «መላ በሉኝ» ይላል እንጂ «ዘዴ በሉኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚህም በላይ፣ መላ እርግጠኛነትን አይጠይቅም፤ «መላ መታ» ሲባል «ገመተ» የሚል ትርጉምም አለው፤ የሳይንስ መጻሕፍት ገና ያልተረጋገጠን ሐሳብ «መላ ምት» ማለታቸው ይህንኑ ተከትለው ነው። እንግዲህ በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው የሚለምነው የተረጋገጠ መድኃኒት አይደለም፤ ግምትም ቢሆን ይበቃዋል። ይህን ስረዳ፣ ድሮ እንደ ማጀቢያ ብቻ እሰማው የነበረው ሐረግ ከዜማው እኩል ከበደኝ።

«መላ ሰውነቴን አመመኝ» የምንለው «መላ» ከ«ሞላ» ወገን ስለሆነ ከዚህ ጋር ባንቀላቅለው ጥሩ ነው። «መላ ቅጡ የጠፋ ቤት» ስንል ግን ትርጉሙ ወደ ሥርዓትና ወደ መልክ ያደላል፤ ከቀደመው መላ ጋር ዝምድናው ይታየኛል፤ መላ ያጣ ነገር ቅርጹም ይጠፋልና። «መለኛ» የሚለውን ሙገሳም አንርሳ፤ «ዘዴኛ» አንዳንዴ ጥርጣሬ ያለበት ሙገሳ ሲሆን «መለኛ» ግን በችግር ጊዜ መውጫ ለሚያገኝ ሰው ያለ ቅሬታ የሚሰጥ ነው።

በነገራችን ላይ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅግ ውስጥ፣ ኋላም ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 7ኛ ቅጽ ታትሞ ቋንቋውን በማያውቁ አድማጮች ዘንድ ተወዷል። ለእነርሱ «መላ መላ» ደስ የሚል ድምፅ ብቻ ሆኖ ቢቀር አይፈረድባቸውም፤ እኛም ቋንቋውን እያወቅን ለረጅም ጊዜ የሰማነው እንደዚያው ነው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በዕለት ንግግር እኔ የምሰማው «ኧረ መላ በሉ» ሲባል ነው፤ ድርቡን «መላ መላ» ያለ ግሥ ከዘፈን ውጭ የሚጠቀም አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ፣ በምን ዓይነት አጋጣሚ እንደሚባል ብትጽፉልን።